የአሮጌ ጋዝ ግሪል እድሳት፦ የትኛው ቀለም ሙቀቱን ይችላል፣ እንዴትስ ይቀባል?

አሮጌ ብረት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለ ሦስት በርነር የጋዝ ግሪል ፈታትቼ እያደስኩ ነው። የክዳኑ ጥቁር ቀለም ከፊት በኩል ተልጦ ከሥሩ ያለው ላሜራ ዝጓል። የታችኛውን ሳጥን ማግኔት አይስበውም፣ ላዩ ላይም ነጭ ዱቄት አውጥቷል፤ አሉሚኒየም ነው ብዬ ገምቻለሁ። የክዳኑ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ቅርፊት እየተነሣ ይረግፋል። እግሮቹና የጎን መደርደሪያው ላይ ላዩን ብቻ ዝገዋል።

ሦስት ዓይነት ቀለም አማራጭ አለኝ፦ «500» የሚል የሞተር ስፕሬይ፣ «600» የሚል በብሩሽ የሚቀባ የጣሳ ቀለም፣ «1200» የሚል ጥቁር ስፕሬይ። የትኛው ለየትኛው ክፍል ይሆናል? መጀመሪያ ፀረ ዝገት ፕራይመር ልቀባ ወይስ በባዶው ብረት ላይ? የክዳኑስ ውስጥ ይቀባል?

ላሜራ

በቅድሚያ ቁጥሮቹን እናጥራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ቁጥሮች በፋራናይት ናቸው። 500 ማለት 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 600 ማለት 315፣ 1200 ማለት ደግሞ 650 ገደማ ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ሦስቱም በርነሮች በሙሉ ኃይል ሲነድዱ የውስጡ አየር 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ የሳጥኑ ግድግዳ ለበርነር በሚቀርብበት በኩል ደግሞ የበለጠ ይግላል። ስለዚህ የሞተር ቀለሙን ተወው። የ600ው ለክዳኑ ውጭ ያገለግል ይሆናል፣ ነገር ግን ትርፍ አቅም የለውም። ለክዳኑም ለሳጥኑም የ1200ውን ውሰድ። ስትገዛ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውንም አንብብ፤ አንዳንዱ ጣሳ ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር ለአጭር ጊዜ የሚቻለው ሙቀት ሲሆን ያለማቋረጥ የሚቻለው ከዚያ ያንሳል።

ልዩነቱን የሚያመጣው በቀለሙ ውስጥ ያለው ማያያዣ ነው። የተራ ሲንተቲክ ቀለም ማያያዣ በካርቦን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በከፍተኛ ሙቀት ይጠቁራል፣ ይሰነጣጠቃል፣ በመጨረሻም ተቃጥሎ ዱቄት ይሆናል። የ1200ው ማያያዣ ሲሊኮን ሬዚን ነው፤ የሲሊኮንና የኦክስጅን ትስስሩ ሙቀቱን ይቋቋማል። ይህ ቀለም የሚጠነክረው ግን በአየር ሳይሆን በእሳት ነው። ደርቆ እጅ ላይ ባይነካም በሙቀት እስኪበስል ድረስ በጥፍር ይጫራል።

ከዚህ የተነሣ እግሮቹና መደርደሪያው ላይ የሙቀት ቀለም መቀባት ስህተት ነው። እነሱ የሚበስልበት ሙቀት ላይ ስለማይደርሱ ቀለሙ እንደለሰለሰ ይቀራል፣ ዝናብንም ዝገትንም በደንብ አይከላከልም። እዚያ ተራ ፀረ ዝገት ፕራይመርና በላዩ ሲንተቲክ ቀለም የተሻለ ነው።

ክዳኑና ሳጥኑ ላይ ግን ተራ ፕራይመር ፈጽሞ አይገባም። ከሥር ያለው ፕራይመር ሲቃጠል ላዩን ያለውን ጥሩ ቀለም ይዞት ይነሣል። ስቱኮም እንዲሁ፣ ዝገት ቀያሪ ፈሳሽም ሙቀት እንደሚችል ካልተጻፈበት እንዲሁ። ወይ ያው አምራች ለዚያው ቀለም የሠራውን የሙቀት ፕራይመር ተጠቀም፣ ወይ በንጹሕ ባዶ ብረት ላይ በቀጥታ ቀባ። አብዛኞቹ የ1200 ስፕሬዮች ያለ ፕራይመር እንዲቀቡ የተሠሩ ናቸው።

የክዳኑ ውስጥ አይቀባም። የሚረግፈው ቅርፊት ቀለም ሳይሆን ተቃጥሎ የደረቀ ስብና ጥቀርሻ ነው። በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቀህ በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ ያ ይበቃዋል። የምግብ ማስቀመጫ ፍርግርጉ፣ በርነሮቹ፣ በርነሮቹን የሚሸፍኑት ላሜራዎች፣ ቫልቮቹ፣ የጋዝ ጎማውና ሬጉሌተሩም ቀለም አይነካቸውም። የጋዙን ዓይነትና ግፊት የሚናገረውን ትንሽ ሰሌዳ በፕላስተር ሸፍነው፤ ወደፊት መለዋወጫ ስትፈልግ መነሻህ እሱ ነው።

ቀለም ቀቢ

ላሜራ የተናገረው ትክክል ነው። ይሁንና 650 ዲግሪ የሚችል ቀለም ቅባት ላይ ከተቀባ ገና በመጀመሪያው ማሞቅ ይነሣል፤ ስለ ዝግጅቱ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው።

ክዳኑን ከመፈግፈግህ በፊት የተላጠውን ጠርዝ በቅርበት እየው። የተሰነጠረው እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ሹል ሆኖ የሚያብረቀርቅና ቢላ የማይጭረው ከሆነ ቀለም ሳይሆን ኢናሜል፣ ማለትም ብረቱ ላይ በእሳት የተጋገረ የብርጭቆ ሽፋን ነው። ኢናሜል ደህና በሆነበት ቦታ አይነካም፣ ምክንያቱም የሙቀት ቀለም በለስላሳው ገጽ ላይ አይቆናጠጥም። የተቦረቦረውን ብቻ አጽድተህ ታሟላለህ። በቢላ እየተላጠ የሚነሣ ከሆነ ቀለም ነው፣ ሙሉ በሙሉ አውርደው።

ለላሜራው ክዳን ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንሣ፣ ከዚያ በ180 አለስልስ። በየጫፉ የቀረ አሮጌ ቀለም ካለ ጣትህ ደረጃ እስከማይሰማው ድረስ አሳሳው። ከ220 ቁጥር በላይ አትሂድ፤ ገጹ እንደ መስታወት ከለሰለሰ ቀለሙ የሚይዘው ነገር ያጣል። የግሪሉ ዕድሜ ረጅም ከሆነ በአሮጌው ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል በደረቁ አትፈግፍግ። በውሃ እያራስክ ሥራ፣ ማስክ አድርግ፣ የወጣውን ጭቃ ሰብስበህ አስወግድ። ጨርሰህ ወዲያው ካላደረቅከው ግን እርጥቡ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይዝጋል።

ሳጥኑ ላይ ያየኸው ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። እዚህ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የምድጃ ማጽጃ አሉሚኒየምን ይበላል፣ ያጠቁረዋል፣ ሲበላውም ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ስለዚህ የቅባት ማጽጃህ ለአሉሚኒየም እንደሚሆን የተጻፈበት ይሁን። ሁለተኛ፣ ተራ የብረት ሽቦ ብሩሽ አሉሚኒየሙ ላይ ስብርባሪ ትቶ ይሄዳል፣ ያ ስብርባሪ በኋላ ከቀለሙ ሥር ይዝጋል። የስቴይንለስ ወይም የናይለን ብሩሽ ተጠቀም፣ ከዚያ በ120 ወይም በ180 ወረቀት ሸካራ አድርገው።

በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ አሉሚኒየም ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ለዓመታት የጠጣውን ስብ አንድ ማጠብ አያወጣውም። ስለዚህ ካጠብከው በኋላ ክፍሎቹን መልሰህ ገጥመህ፣ የጋዝ መስመሩን በሳሙና ውሃ ፈትሸህ፣ ግሪሉን ባዶውን ለ30 ደቂቃ አንድደው። ስቡ ወደ ላይ ሲወጣ ታያለህ። ሲቀዘቅዝ እንደገና እጠበው፣ በወረቀትም ቀለል አድርገህ እለፍበት።

የመጨረሻው መጥረግ በአሴቶን ነው። በአንዱ ነጭ ጨርቅ ጠርገህ በሌላ ደረቅ ጨርቅ አንሣው፤ ሁለተኛው ጨርቅ ሳይቆሽሽ እስኪወጣ ድገም። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ቅባት ጥለው ስለሚሄዱ አይሆኑም። የተጣበቀ ብሎን ለመፍታት የሚረጭ ዘይት ተጠቅመህ ከነበረ አካባቢውን ሁለት ጊዜ ጥረገው፣ ቀለሙ ላይ የዓሣ ዓይን የሚመስል ክብ ቀዳዳ የሚያመጣው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አትንካው፤ በዚያው ቀን ቀባ።

የበሰበሰና የተበሳ ላሜራ በቀለም አይድንም። በተለይ የሳጥኑ ወለል ወይም የበርነሩ መያዣ ከተበላ ክፍሉ ራሱ ይቀየራል።

አሮጌ ብረት

በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ቢላው አይጭረውም ብዬ ሰግቼ ነበር፣ ሞክሬ ሳየው ግን የክዳኑ ቅብ በቀላሉ ይላጣል፤ ቀለም ነው። አሁን የቀሩኝ፦ ስንት ጣሳ ይበቃል? ስንት እጅ ይቀባል? በመጀመሪያው ማሞቅ ቀለሙ አረፋ ያወጣል የሚባለውስ በምን ምክንያት ነው?

ቀለም ቀቢ

የክዳኑን ውጭና የሳጥኑን አራት ጎን ለካ። የባለ ሦስት በርነር ግሪል ብዙ ጊዜ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 340 ግራም የሚይዝ አንድ ጣሳ ለዚህ ስፋት ሁለት ስስ እጅ ያህል ያደርሳል፤ ሁለት ግዛ፣ የሁለቱም የምርት ቁጥር አንድ ይሁን፣ አለዚያ ጥቁሩ በመጠኑ ሊለያይ ይችላል።

የብረቱም የአየሩም ሙቀት ከ15 እስከ 30 ዲግሪ፣ ነፋስ የሌለበት፣ እርጥበት ያልበዛበት ቀን ይሁን። ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ አትቀባ። ጣሳውን ውስጡ ያለው ኳስ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ናጠው፣ በየመሃሉም ድገመው፤ ሙቀቱን የሚቋቋመው ደቃቅ ዱቄት ከታች ይዘቅጣልና። ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀህ፣ እጅህን ከክፍሉ ጠርዝ ውጭ ጀምረህ ከጠርዙ ውጭ ጨርስ፣ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። ጠርዞችንና የብሎን ቀዳዳዎችን አስቀድም። የመጀመሪያው እጅ ብረቱ ከሥር የሚታይበት ጭጋግ ብቻ ይሁን። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተህ ሁለተኛውን፣ እንዲሁ ሦስተኛውን። ከዚያ በላይ አትጨምር። ጣሳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልደገምክ ይህን ያህል ሰዓት ጠብቅ ካለ ጠብቅ፤ በግማሽ በደረቀ ቀለም ላይ ስትደግም የታችኛው ይሸበሸባል።

አረፋው የሚመጣው በአብዛኛው ከውፍረት ነው። በወፈረ ቀለም ውስጥ የታሰረው ቲነር በድንገት ሲግል ተንኖ ላዩን ገፍቶ ይወጣል። ጥሩ ሽፋን በጠቅላላው ከ50 ማይክሮን አይበልጥም። እዚህ ላይ «አንድ እጅ ልጨምርበት» ማለት ሥራውን ያበላሻል። ገጹ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከሻከረ ደግሞ ከሩቅ ረጭተሃል ወይም ብረቱ ግሏል፣ ጠብታዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ደርቀዋል ማለት ነው።

ከዚያ 24 ሰዓት ይደር። ማብሰሉ ከቤት ውጭ ነው፣ በጣሳው ላይ የተጻፈው ቅደም ተከተል ይቀድማል፤ ካልተጻፈ በሦስት ደረጃ ሂድ፦ 120 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ፣ 200 ለ30 ደቂቃ፣ 315 ለ30 ደቂቃ። በየመሃሉ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ይቀዝቅዝ። የመጀመሪያውን ደረጃ በአንድ በርነር በዝቅተኛ እሳት ታገኘዋለህ። የክዳኑ ቴርሞሜትር የሚያሳየው የአየሩን ሙቀት ስለሆነ የሳጥኑ ብረት ከሱ ሊበልጥ እንደሚችል አትርሳ። ጭስና ኃይለኛ ሽታ ይወጣል፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቁም። በመጀመሪያው ማሞቅ ቀለሙ ስለሚለሰልስ ክዳኑን በጓንትም ቢሆን ቀለሙ ላይ አትንካው፤ የጣትህ አሻራ አብሮ ይበስላል። ጭሱና ሽታው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ምንም ምግብ አይጠበስበት።

ላሜራ

ከማብሰሉ በፊት የሚገባ ነገር ልጨምር። ስትቀባ በርነሮቹና የጋዝ መስመሩ ከግሪሉ መውጣት አለባቸው፣ መሸፈን ብቻውን አይበቃም። በጋዝ አፍንጫው ላይ የገባች አንዲት የቀለም ጠብታ እሳቱን ታዛባለች። አፍንጫው ቢደፈንም በሽቦ አትውጋው፤ ቀዳዳው ከሰፋ ከሚገባው በላይ ጋዝ ይወጣል። ቀይረው።

መልሰህ ስትገጥም የበርነሩ ቱቦ አፍንጫውን በትክክል አልብሶ መቀመጡን አረጋግጥ፣ ቱቦው ውስጥ የሸረሪት ድር ካለ በቀጭን ብሩሽ አውጣ። ጎማው ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ መጣል ነው። ከዚያ እኩል ሳሙናና ውሃ ቀላቅለህ፣ መክፈቻዎቹን ዘግተህ ሲሊንደሩን ክፈት፣ በየመገጣጠሚያው ቀባ። አረፋ ካደገ አጥብቅ፣ ካልቆመ ዕቃውን ቀይር፣ እስኪቆም ድረስ እሳት አይቀርብም። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ብቻ ቢጫ ቢሆን ችግር የለም፤ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ አየር አጥሯል፣ ቱቦውን እንደገና እየው።

በሳጥኑ ውስጥ ጋልቫናይዝድ ብሎን አትጠቀም፣ ዚንኩ በሙቀት ይላጣል። ስቴይንለስ ይሁን፤ አሉሚኒየሙ ላይ ስለሚጣበቅ ሙቀት የሚችል ፀረ መጣበቂያ ቅባት ጥርሱ ላይ አድርግበት።

ስፕሬዩን ስትረጭ ተራ የአቧራ ማስክ ቲነሩን አያቆመውም፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ገፊው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለሆነ ሲጋራም፣ የሚነድ ምድጃም፣ ብልጭታ የሚያወጣ መሣሪያም በአካባቢው አይኑር።

ወደፊት አንድ ቦታ ብቻ ቢላጥ ሁሉንም ማውረድ አያስፈልግም። ያንን ቦታ በ180 ወረቀት እስከ ብረቱ አውርደህ፣ በአሴቶን ጠርገህ፣ ሁለት ስስ እጅ ሰጥተህ በዚያው የሦስት ደረጃ ማሞቅ አብስለው።