የደም ግፊት ታማሚ እናቴ የዲክሎፌናክ መርፌ መወጋት መቀጠል ይችላሉ?

ጠያቂ (ደሴ፣ ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመታቸው ነው። ብርዱ ሲበረታ የጉልበት ሕመም ስለሚጠናባቸው ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ ይወጋሉ፤ ሕመሙ ሲመለስ ደግሞ ይሄዳሉ። ክኒኑ ጨጓራቸውን ስለሚያማቸው መርፌው ይሻላል ብለው ያምናሉ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። ቢቀጥሉ አደጋ አለው?

መልስ፦ ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ አዎን፣ አደጋ አለው። ዲክሎፌናክ ሕመምና እብጠት የሚያስነሣውን ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ይገታል፤ ይኸው ንጥረ ነገር ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቅና ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም የሚያስተካክል በመሆኑ፣ መድኃኒቱ በአፍም ተወሰደ በመርፌ፣ በደም ተጉዞ ጨጓራንም ኩላሊትንም ያገኛቸዋል። እኔን አብልጦ ያሳሰበኝ ከግፊት መድኃኒቶቹ ጋር መገናኘቱ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በተለይ በተቅማጥ ወይም ውሃ ባለመጠጣት ሰውነት በደረቀበት ጊዜ፣ ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። የግፊት መድኃኒታቸውን ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ።

መልስ፦ ነርስ (ደሴ)
አንዱ አምፑል (የመርፌው መድኃኒት ብልቃጥ) 75 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም አያልፍም፣ በመርፌ የሚሰጠውም ከ2 ቀን በላይ አይቀጥልም። የሚወጋው ጥልቅ ሆኖ በመቀመጫ ላይኛው የውጭ ክፍል ነው፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ከሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ ስሪንጅ ተቀላቅሎም መሰጠት የለበትም። ባለሙያው ሳይጠይቃቸው እንኳ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ወይም አስም ካለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ እግራቸው ካበጠ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ለሕመማቸው ምን ይውሰዱ?

መልስ፦ ፋርማሲስት (ኮምቦልቻ)
ጉበታቸው ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞል ለጨጓራና ለኩላሊት የተሻለ ነው፤ በቀን ከ4 ግራም እንዳይበልጥ። ለጉልበት የሚቀባው የዲክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂቱ ስለሆነ ሐኪማቸውን ስለ እርሱ ይጠይቁ። ለግፊት ክትትል ሲሄዱ እስካሁን የተወጉትን ሁሉ ነግረው የክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳይ የደም) ምርመራ እንዲታዘዝላቸው ያድርጉ።