ክርክር፦ የአሜሪካ ስቴቶች በጀታቸውን በሲጋራ ታክስ ላይ ይመሥርቱ?

ጠያቂው፦ ሜሪላንድ በጁላይ 2024 የአንድ ፓኮ ሲጋራ ታክስን ከ3.75 ወደ 5 ዶላር አድርሳለች። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ የስቴቱ ታክስ 60 ሳንቲም ነው። ሚዙሪማ 17 ሳንቲም! ይሄ ሁሉ እንግዲህ ከፌዴራሉ 1.01 ዶላር ውጭ ነው። ጥያቄዬ፦ ስቴት ሰው እንዲተወው በሚፈልገው ነገር ላይ በጀቱን መመሥረት አለበት?

ነርሷ፦ ገንዘቡን ተዉትና ሰው ቁጠሩ። በ1965 ከአሜሪካ አዋቂዎች ከመቶ 42 ያህሉ ያጨሱ ነበር። በ2023 11 አካባቢ ነበሩ። ታክስ ብቻውን አላመጣውም፣ እሺ። ግን ዋጋው 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው 4 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ ደጋግሞ የተጠና ነው። ወጣቶቹ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ኪሳቸው ባዶ ነዋ።

ሒሳብ ያዡ፦ እህቴ፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሱው ነው። ታክሱ በተጨመረበት ዓመት ገቢው ያድጋል። ገዢው የሚቀንሰው ታክሱ የጨመረውን ያህል አይደለማ። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁል ነው። ካሊፎርኒያን እዪ። በ1998 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ በየፓኮው 50 ሳንቲም ጨመረ፤ ገንዘቡ ከልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት እንዲውል። አጫሹ ሲያንስ ገንዘቡም አነሰ። ሕፃን የሚያስፈልገው ነገር ግን ከአጫሽ ጋር አብሮ አይቀንስም። በ2016 ሌላ 2 ዶላር ሲጨመር ደግሞ አብዛኛው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የጤና መድን ሄደ።

የ1998ቱን የክስ ማስቆሚያ ስምምነትም አትርሱ። 46 ስቴቶች ከትልልቆቹ የሲጋራ ኩባንያዎች በመጀመሪያዎቹ 25 ዓመታት 206 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊቀበሉ ተስማሙ። ክፍያው በሚሸጠው ሲጋራ ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንዶቹ አላስቻላቸውም፤ የነገውን ክፍያ አስይዘው ቦንድ ሸጡና የዛሬን ጉድለት ደፈኑበት። እንግዲህ አስቡት፤ ጤና ቢሮው «አታጭሱ» ይላል፣ በጀት ቢሮው ሽያጩ እንዳይወድቅ ይጸልያል። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ።

ባለሱቁ፦ ልጆች፣ እናንተ ስለ በጀት ታወራላችሁ፣ እኔ ስለ ድንበር ላውራ። ኒውዮርክ ስቴት በፓኮ 5.35 ዶላር፣ ኒውዮርክ ከተማ ደግሞ 1.50 ትጨምርበታለች። ከርካሹ ስቴት ቫን ሞልቶ የሚነዳው ሰው ሒሳቡን ከእናንተ በላይ ያውቃል። ታክሱ መከፈሉን የሚያሳይ የስቴቱ ቴምብር የሌለበት ከ10,000 ፍሬ በላይ ሲጋራ በፌዴራል ሕግ ኮንትሮባንድ ነው። ሃምሳ ካርቶን ማለት ነው፣ የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ እንኳ አይሞላም። ታክሱን ከፍዬ የምሸጠው እኔ ደንበኛዬን አጣለሁ፣ ስቴቱም ገቢውን።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ መጎዳት ይገባኛል። መፍትሔው ግን ቁጥጥር እንጂ ታክስ ማውረድ አይደለም።

ጠያቂው፦ ድሃውስ? ከሀብታሙ ይልቅ የሚያጨሰው እሱ ነው። ስለዚህ ከፋዩም እሱ ነው።

ነርሷ፦ የሚታመመውም እሱ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። የፌዴራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ፣ ስቴቶች ሰውን ከማጨስ ለመከላከልና ለማስተው በዓመት 3.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ያውጡ ብሎ መክሯል። የሚያወጡት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ከአጫሹ የተሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ ለአጫሹ ይመለስ!

ሒሳብ ያዡ፦ እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ማስተዉ ሲሳካ ገንዘቡም ሥራውም አብረው ያንሳሉ፣ ጉድለት የለም። የመምህርን ደመወዝ ግን በዚህ ገንዘብ ላይ አታንጠልጥሉ።

ነርሷ፦ «ለሕፃናት ነው» ካልተባለ መራጩ እሺ የሚል ይመስልሃል? ታክሱ ራሱ አያልፍም እኮ።

ሒሳብ ያዡ፦ ይሁን፣ ለሕፃናት ይባል። ግን ሕጉ ውስጥ ይጻፍ፦ ገቢው ሲወርድ ክፍተቱን ከየት እንደሚሞሉ።

ነርሷ፦ ይጻፍ። 5 ዶላሩን ግን አትንኩብኝ።

ባለሱቁ፦ ቨርጂኒያስ መቼ ነው የምትጨምረው?