የመውጫ ፈተናውን እስክደግም የት ሆኜ ላጥና?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአንዲት ትንሽ ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምሬ ኮርሶቼን በሙሉ ጨርሻለሁ። በመውጫ ፈተናው ግን ለማለፊያው 50 በመቶ ጥቂት ነጥብ ጎደለኝ። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግዴታ በመሆኑ ሳላልፈው ዲግሪዬ አይሰጠኝም።

ደግሞ መፈተን እንደሚቻል አውቃለሁ፤ የቸገረኝ እስከዚያ የት ሆኜ እንደማጠና ነው። መኝታ ክፍሌን አስረክቤያለሁ። መታወቂያዬንም ስለመለስሁ ጥበቃዎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አያስገቡኝም። (የካፌው ሽሮ ይናፍቀኛል ብዬ መቼም አስቤ አላውቅም!) ወላጆቼ ገበሬዎች ናቸው። ወደ ቀዬያችን ብመለስ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ በዚያ ላይ አጨዳው ይጠብቀኛል፤ አባቴ እያጨደ እኔ ደብተር ይዤ ጥላ ሥር ልቀመጥ አልችልም። እዚህ ከቆየሁ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ በአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ሒሳብ መያዝ እችላለሁ፤ ባለቤቱ ግን የሚፈልገኝ ከጠዋት እስከ ማታ ነው።

ደግማችሁ ተፈትናችሁ ያለፋችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ያጠናችሁት እየሠራችሁ ነው ወይስ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጣችሁ? ለቤተሰቤ በሚቀርብ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መፈተንስ ይፈቀዳል? ይበልጥ ያስቸገሩኝ የወጪ ሒሳብና የኦዲት ጥያቄዎች ናቸው፤ መለማመጃ ያለው ቢያካፍለኝ ውለታውን አልረሳም። ለባለ መደብሩ በዚህ ሳምንት መልስ መስጠት ስላለብኝ እባካችሁ ፈጥናችሁ ጻፉልኝ።