«አግኖስቲክ» ከሓዲ ማለት ነው?

የመንዝ ልጅ፦ ሰሞኑን ደብረ ብርሃን በተካሄደ የወጣቶች ውይይት አንድ ተናጋሪ «አግኖስቲክ በአማርኛ ከሓዲ ነው» ብለው ሲያስተምሩ ሰምቼ እስካሁን ይከነክነኛል። ቃሉን በ1869 እ.ኤ.አ. የፈጠረው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ሀክስሊ ነው፤ የፈጠረውም የሰው ዕውቀት እስከ የት እንደሚደርስ ሊናገርበት ነው። ከሓዲ «እግዚአብሔር የለም» ይላል፤ አግኖስቲክ ግን ስለ መኖር አለመኖሩ አላውቅም ባይ ነው።

የሸዋሮቢቷ፦ ከሓዲ መባሉን እኔም አልቀበልም፤ ነገር ግን «አላውቅም ባይ» ማለትህም ቃሉን ያሳንሰዋል። ጳውሎስ በአቴና ባየው መሠዊያ ላይ «ለማይታወቅ አምላክ» ተብሎ የተጻፈው በግሪክኛ «አግኖስቶስ» በሚለው ቃል ነው። «አላውቅም» ያለ ሰው ስለ ራሱ ብቻ ተናገረ፤ ነገ አስተማሪ ቢያገኝ ያውቅ ይሆናል። «አይታወቅም» ያለ ግን የእኔንም የአንተንም በር ዘጋ።

የመንዝ ልጅ፦ ሀክስሊ ራሱ በ1889 እ.ኤ.አ. ሲያብራራው ዘዴ እንጂ የእምነት አንቀጽ አይደለም ብሏል፤ ማስረጃ ያላገኘህለትን ነገር በእርግጠኝነት ዐውቃለሁ አትበል ነው ነገሩ። ታዲያ የትኛውን በር ዘጋ?

መሪጌታ ዘአንኮበር፦ ልጆቼ፣ የተናጋሪው ስሕተት የተነሣበትን ሥር አላያችሁትም። በግእዝ «አእመረ» ዐወቀ፣ «አምነ» አመነ፣ «ክሕደ» ካደ ነው። ክሕደት የሚቃረነው ከእምነት ጋር ነው፤ የዕውቀት ተቃራኒ አለማወቅ ነው። እኔ በሃይማኖቴ ጽኑ ነኝ፤ ሆኖም ያላወቀን ሰው ካደ ማለት በሐሰት መመስከር ነው።

የጅሩ ልጅ፦ የመሪጌታ መለያ ትክክል ቢሆንም አጠቃቀሙ እንደ አድማጩ ይለያያል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል በ1947 እ.ኤ.አ. ለፈላስፎች ራሱን አግኖስቲክ እንደሚል፣ ለተራው ሰው ግን አቴይስት (እግዚአብሔር የለም ባይ) ቢል የተሻለ እንደሚያስረዳ ገልጿል።

የሸዋሮቢቷ፦ መሪጌታ፣ ያስተማሩንን በአክብሮት ተቀብያለሁ። የራስል ነገር ግን አድማጭን የሚመለከት እንጂ ትርጉሙን የሚወስን አይደለም። እኔን አሁንም የሚያስጨንቀኝ ያ «ባይ» ነው። በአገራችን ሕዝብ ተሰብስቦ ስለ ወንጀለኛ በሚጠየቅበት አውጫጭኝ ላይ አላውቅም ባይ የሚባለው እያወቀ የሚሸሽግ ነበር፤ ሀክስሊን ከእርሱ ጋር እንዴት በአንድ ስም ትጠራዋለህ?

የመንዝ ልጅ፦ የአውጫጭኙ ሰው ዋሽቷል፤ ይህ ሰው እውነቱን ተናግሯል። ቃሉን አላነሣም፤ የተሻለ ካለሽ አምጪና እንየው።

የሸዋሮቢቷ፦ «ኢታዋቂያዊ» ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ሰምታ አልገባትም።