እባብ ብቻውን ይከፋዋል? ሁለተኛ ልግዛ?

የማር እናት (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)
ሰላም ለሁላችሁ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ እባብ አለ። የ11 ዓመቱ ልጄ አባቱን አሳምኖ ኮርን ስኔክ የሚባል እባብ አስገዛ፣ ስሟንም ማር አላት። አሁን ደግሞ «ብቻዋን ናት፣ ታሳዝናለች» እያለ ሁለተኛ ይለምነኛል። ሳጥኗ ሰፊ ነው፣ 4 ጫማ። ባለሱቁም አብረው ይኖራሉ ብሎኛል። እውነት ይከፋታል?

ጋሼ ዘንዶ
እህቴ፣ አትግዢ። ባለሱቁማ ሁለት ቢሸጥ ምን ገዶት!

እኔም ሁለት ሴት ኮርን ስኔክ በአንድ ሳጥን አስቀምጬ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ መደበቂያ ስር ተጠቅልለው ሲተኙ ደስ ብሎኝ ፎቶውን ለእናቴ እልካለሁ፣ እሷ ታማትባለች። ለካ በማሞቂያው በኩል ያስቀመጥኩት መደበቂያ አንድ ብቻ ነው! ፍቅር መስሎኝ የቦታ ሽሚያ ነበር። እባብ ሙቀቱን ከውጭ ነው የሚያገኘው፤ ከሞቀው ጥግ ከተገፋ የዋጠውን መፍጨት ያቅተዋል። አንድ ጠዋት ያልተፈጨ አይጥ ተተፍቶ አገኘሁ። የማናቸው እንደሆነ በምን ልወቅ? ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ነው ትንሿ መክሳቷን ያየሁት። በዚያው ቀን ለየኋቸው፤ ትንሿ በሁለተኛው ሳምንት ያለ ችግር በላች።

ደግሞ አንድ አይጥ በሁለት ጫፍ ከያዙ አንዷ ሌላዋን ልትውጥ ትችላለች። ኪንግ ስኔክ የሚባለው ዘርማ ሌላ እባብ መብላት ልማዱ ነው።

ዊኒፔግ
ጋሼ፣ ሁሉንም በአንድ አይጠቅልሉ እንጂ። እዚህ ካናዳ፣ ማኒቶባ፣ ናርሲስ የሚባል ቦታ፣ በፈረንጆቹ ሜይ መጀመሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተር እባቦች ከኖራ ድንጋይ ጉድጓድ ተግተልትለው ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2020 ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች 40 ወጣት ጋርተሮችን በቀለም ነጥብ ለይተው ቦታቸውን ቢያደበላልቁባቸው፣ ተመልሰው የመረጡት ጓደኛ ጋ እንደሚሄዱ አሳይተዋል።

ጋሼ ዘንዶ
ልክ ብለሃል፣ ጋርተር ላይ አልከራከርህም። ናርሲስ ግን የሚሰበስባቸው ብርዱ ነው፤ ውርጭ የማይደርስበት ጉድጓድ እንደ ልብ አይገኝም። ከዚያ ወጥተው ይጋባሉ፣ በጋውን ደግሞ ይበታተናሉ። የማር ዘር ሌላ ነው።

የማር እናት፣ በቀዝቃዛው በኩል መደበቂያ አላት?

የማር እናት
የላትም። የጫማ ካርቶን ቆርጠን አሁን አስገባንላት። ልጄ አኩርፏል፣ እሷ ግን ገብታ ተኝታለች።