ለሐረጎ መንገድ ትንሽ ኤስዩቪ፦ ቪታራ፣ ራቭፎር፣ ራሽ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ሆጤ ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ደሴ ሆጤ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በሐረጎ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ቤተሰቡ አምስት ነው። በየወሩ ደግሞ ወደ ለጋምቦ ገጠር እንወጣለን፤ ከዋናው መንገድ ከተገነጠልን በኋላ በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ ነው።

የቀረበልኝ አራት ነው። የ2007 ግራንድ ቪታራ 2.0 አውቶማቲክ፣ የ2003 ራቭፎር፣ የ2008 ራሽ 1.5፤ ብድር ጨምሬ ደግሞ አዲስ ቢዋይዲ ዩዋን አፕ፣ 401 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች የሚባለዋ። ዳገቱን ሳይጨነቅ የሚወጣው፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የማያቃጥለው፣ ገጠሩንም የሚችለው የቱ ነው? ኤሌክትሪኳስ ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት ትሞላለች? የቤንዚን ሰልፍ ሰልችቶኛል፤ መንገድ ላይ የምታስቀረኝ መኪናም አልፈልግም። የምታውቁ እህታችሁን አማክሩኝ።

ካንዴላ፦

እህቴ አብሽሪ፣ አራቱም የሚታሰቡ ናቸው። መጀመሪያ ግን መንገዱን እንይ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 650 ሜትር ትወጫለሽ፣ ትወርጃለሽ። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ወረቀት ላይ 140 ፈረስ ጉልበት የተባለው ቪታራ እዚህ 105 ቢሰጥ ነው። 109 የተባለው ራሽ ወደ 82 ይወርዳል። ራሽ ግን 1,200 ኪሎ ገደማ ነው፣ ቪታራው ከ1,500 ያልፋል። ስለዚህ ብቻሽን ስትነጂ አወጣጣቸው ብዙም አይለያይም። አምስት ሰውና ዕቃ ሲጫን ራሽ ይጨነቃል፤ 400 ኪሎ ለእሱ ሲሶ ክብደት ነው። አውቶማቲኩ አራት ማርሽ ብቻ ስላለው ዳገት ላይ ማርሽ ወርዶ ይጮኻል። ጩኸቱ ብልሽት አይደለም።

ለገጠሩ ቪታራውን የሚያክለው የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ፎር ኤች፣ ፎር ኤች ሎክ፣ ፎር ኤል ሎክ የሚል ማዞሪያ መኖሩን እዪ፤ ሁሉም ቪታራ ላይ አይገኝም። ፎር ኤል (በአራቱም ጎማ በቀስታና በጉልበት የሚያስኬደው ዝቅተኛ ማርሽ) ለማስገባት መኪናው ይቁም፣ ካምቢዮው ኒውትራል ይሁን፣ ፍሬን ይረገጥ፣ ከዚያ ማዞሪያውን አዙሪ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ካልረጋ ማርሹን የሚያስገባው ትንሽ ሞተር ወይም ሴንሰሩ ችግር አለበት። ሎኩን በደረቅ አስፋልት ላይ አትጠቀሚበት፤ መታጠፊያ ላይ ዲፈረንሻሉን ያስጨንቃል።

ራሽ ሁለት ዓይነት ነው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድና አራቱንም የሚያሽከረክር። ደላላው "ፎር ዊል ነው" ስላለሽ አትመኚ፤ የመሃል ዲፈረንሻል መቆለፊያ ቁልፍ መኖሩን አረጋግጪ፣ ጎንበስ ብለሽም የፊት ዲፈረንሻል እዪ። ሞተሩ ከአቫንዛ 1.5 ጋር አንድ ስለሆነ ዕቃ አያስቸግርም።

የ2003 ራቭፎር ባለ 1.8 ከሆነ የሚጎትተው በፊት ጎማ ብቻ ነው፤ ለለጋምቦ ጭቃ ተይው። ባለ 2.0 አራት ጎማው ለመንገዱ ጥሩ ነው። ሞተሩ ሽፋን ላይ "ዲ-4" የሚል ካየሽ ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭ ነው፤ ፓምፑ ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም፣ የጀሪካን ቤንዚን ቶሎ ይጎዳዋል። ሌላው የዚያ ዘመን 2.0 ሞተር የሚታወቅበት ነገር የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብሎን ነው። ከብሎኩ ኋላ በኩል የብሎኑ ጥርስ እየተበላ ይላላና ውሃ ያፈሳል። ከፊት ስለማይታይ ባትሪ አብርቶ በሞተሩና በፋየርዎሉ (ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ) መካከል ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ ምልክት ካለ እለፊው። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር ቢደነግጥ ካምቢዮው ሞቷል ብሎ መደምደም አይገባም፤ ከ2001 እስከ 2003 ባሉት ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሦስቱንም ቤንዚን መኪኖች የሚመለከት። ደሴ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 አካባቢ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍላቱን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት ስለማይዝ ውሃው ሐረጎን ሳይጨርስ ይፈላል፤ ብዙ ሰው ያኔ "ቴስታታ ሄደ" ብሎ ሞተር ያስከፍታል። ክዳን ርካሽ ዕቃ ነው፤ የትኛውንም መኪና ብትገዢ በመጀመሪያው ቀን ቀይሪው፣ የተጻፈበት የግፊት ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ ይሁን። ቴርሞስታት አውጥቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይበላል። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይደረግም፤ ዝገቱ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል። ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ይበቃል።

ፍተሻውን ከኮምቦልቻ አስጀምሪ። ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ ይሁን፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀሽ ሌላ ቀን ተመለሺ። ቪታራው ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት የሰንሰለት ኩርኩርታ ካሰማ ካቴናውና መወጠሪያው አልቀዋል፤ ያ ሥራ ትንሽ አይደለም። ከዚያ አራት ሰው ጭነሽ፣ ኤሲ ከፍተሽ እስከ ደሴ ውጪ። የሙቀት መርፌው ከመሃል ማለፍ የለበትም። ደርሰሽ ሞተሩን ሳታጠፊ ሥሩን እዪ። ቪታራው ላይ ከትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ ከሚያካፍለው ሳጥን) የኋላ መውጫ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ዘይት ማላብ ይወዳል። ለመውረድ ዲ ላይ አትተይው፤ ወደ 3 ወይም 2 አውርደሽ ሞተሩ ይያዝልሽ። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት ይቀየር፤ ውሃ ከጠጣ በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል።

ጦሳ ሥር፦

የካንዴላ ምክር ልክ ነው፤ ኤሌክትሪኳን ግን አላነሳትም፤ ለአንቺ የየቀን መንገድ ደግሞ ተስማሚዋ እሷ ናት። ስስ አየር አይነካትም። ኮምቦልቻ ላይ ያላት ጉልበት ደሴም ላይ አለ።

ሒሳቡን ልሥራልሽ። ሰው ይዛ 1,700 ኪሎ ብትሆን፣ 650 ሜትር ለመነሳት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ትፈልጋለች፤ በመንገድ የሚባክነው ሲጨመር 3.4። ሜዳ ላይ ለ25 ኪሎ ሜትር 3.5 ገደማ ትበላለች። ስለዚህ መውጫው 7 ይሆናል። ስትወርድ ሞተሩ ራሱ እያመነጨ ስለሚመልስ የተጣራ ወጪዋ ከ1.5 ብዙ አይርቅም። ደርሶ መልሱ 8.5 ነው፤ ባትሪዋ 45 ነው። በሌላ አነጋገር ሦስት አራት ቀን ሳትሞዪ ትሄጃለሽ፤ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ መብራት ባለ ቁጥር ሰኪ፣ ከ40 በመቶ በታች አታሳድሪያት።

ጠዋት ከደሴ ስትነሺ 100 በመቶ አድርገሽ አትውረጂ። ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው ሲስተሙ መሙላቱን ያቆማል፣ ሐረጎን በፍሬን ሸራ ብቻ ትወርጃለሽ። 85 ወይም 90 ላይ አቁሚ። ባትሪዋ ኤልኤፍፒ (የሊቲየም አይረን ፎስፌት ዓይነት) ስለሆነ መጠኑን በትክክል እንድታነብ በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ 100 ሙያት፤ ይህን ቅዳሜ ማታ አድርጊው።

ስለ ሶኬቱ፦ በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገባል፤ የአንድ ቀን ምልልስ በአራት ሰዓት ተኩል ይሞላል። ይበቃሻል። ችግሩ ኧርዝ ነው። ብዙ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ይኖረዋል፣ ኧርዙ ግን የትም አልታሰረም። ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ አብርቶ እምቢ ይላል። አንዳንድ ኤሌክትሪሻን ኧርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኝቶ "ያታልለዋል"፤ ይህ ገዳይ ነው፣ ኒውትራሉ ከተበጠሰ የመኪናው አካል 220 ቮልት ይሸከማል። እውነተኛ የመዳብ ዘንግ፣ 1.5 ሜትር ያላነሰ፣ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ይቀበር። ከቆጣሪው ለብቻው መስመር ይሳብ፦ ለ16 አምፔር 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ኬብል፣ ወደፊት 32 አምፔር ካሰብሽ 6። ፍሳሽ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከር ይግባበት። በዲቫይደር በፍጹም እንዳትሞዪ፤ ለሰዓታት 10 አምፔር ሲያልፍበት ይቀልጣል።

ከመክፈልሽ በፊት የመሙያ አፏን እዪ። ለቻይና ገበያ የተሠራችው ጂቢቲ ናት፣ ለውጭ ገበያ የተሠራችው ታይፕ ቱ። ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ የምትገዢው ቻርጀርም የምትሞዪበት ጣቢያም ከአፏ ጋር መግጠም አለበት። 401 የሚለውም በቻይና መለኪያ ነው፤ በእኛ አገር መንገድ 280 ብለሽ ያዢ።

ደካማ ጎኗ ለጋምቦ ነው። የፊት ጎማ ብቻ ናት፣ ከመሬት ያላት ከፍታም አነስተኛ ነው፤ አምስት ሰው ሲጫን የበለጠ ትወርዳለች፣ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ደግሞ ባትሪው ነው። ጭረት ችግር የለውም። ድንጋይ ገብቶ ከጎደጎደ ግን ማስፈተሽ ግድ ነው፤ በውስጥ ያሉ ሴሎችና የማቀዝቀዣው መስመር ተነክተው ሊሆን ይችላል። ገጠር የምትሄዱት በወር አንዴ ከሆነ መኪና ተከራይታችሁ ሂዱ፤ ለአንድ ቀን መንገድ ብለሽ ሃያ ሁለት የሥራ ቀን ቤንዚን አታቃጥዪ።

ቧንቧ ውሃ፦

በኪራዩ ሐሳብ አልስማማም። አምስት ቤተሰብ ይዞ ገጠር የሚሄድ ሰው ክረምት ላይ መኪና በፈለገበት ቀን አያገኝም፣ ቢያገኝም ባለመኪናው ጭቃውን ሲያይ ግማሽ መንገድ ላይ ያወርደዋል። ለሁለቱም ሥራ አንድ መኪና ከተባለ ቪታራው ነው። በሊትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው፣ ራሽ ከ10 እስከ 11፤ ይህን አውቀሽ ግቢበት።

እኔ የምጨምረው ወረቀቱን ነው። ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ገበያው ላይ ያለው ሁሉ አገር ውስጥ የቆየ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ። ሊብሬውን በእጅሽ ይዘሽ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር በዓይንሽ አመሳክሪ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ማዛወሪያው ላይ ትቆሚያለሽ። ቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል አይሸጥም፤ ይህን ደላላው አይነግርሽም። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ፋይሉ ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሳታጣሪ ቀብድ አትስጪ። ቦሎውም የዘንድሮ ይሁን።

አራት ጎማ የሚያሽከረክር ስትገዢ አራቱም ጎማ አንድ ልክና አንድ ዓይነት፣ ጥርሳቸውም የተቀራረበ ይሁን። ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ ጎማ አድርጎ የሚሸጥልሽ ሰው የመሃል ዲፈረንሻሉን እያስበላ የከረመ ነው።

ሆጤ ሰፈር፦

አላህ ይስጣችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ቪታራውን አስፈትሼዋለሁ፤ ማዞሪያው አለው፣ ፎር ኤልም ገባ፣ ጠዋት ሲነሳም አይኮረኩርም። ኮምፕሬሽኑ (በየሲሊንደሩ የሚታመቀው አየር ግፊት) ደሴ ላይ ሲለካ 148፣ 151፣ 146፣ 150 ፒኤስአይ አሳየ። የለካው መካኒክ "መጽሐፉ 200 ይላል፣ ሞተሩ ደክሟል፣ ፋሻ ይፈልጋል" ብሎኛል። ልተወው?

ካንዴላ፦

አትተይው። 200 የሚለው ባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጤነኛው ሞተር 150 አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ ያንቺዎቹ ቁጥሮች እዚያው ናቸው። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 ፒኤስአይ ካለፈ ይጠረጠራል፣ ያንቺ 5 ነው።

የለካበትን መንገድ ግን ጠይቂው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የነዳጁ ፓምፕ ፊውዝ ተነቅሎ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ መሆን አለበት። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር ስለማይገባ ጤነኛ ሞተርም ዝቅ ብሎ ያሳያል። አሁንም ጥርጣሬ ካለሽ በየሲሊንደሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት አስጨምረሽ እንደገና አስለኪ። ቁጥሩ በጣም ከዘለለ ፋሻው አልቋል፣ ባለበት ከቆመ ፋሻው ደህና ነው።

ከተስማማችሁ ወዲያው የሚቀየሩትን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ፦ የራዲያተር ክዳንና ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት፣ የሁለቱ ዲፈረንሻልና የትራንስፈር ዘይት፣ የቺንጊያ መወጠሪያ ፑሊዎች። የሞተር ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሪ፤ የዚህ ሞተር ካቴና የሚወጠረው በዘይት ግፊት ስለሆነ ዘይት ሲቆሽሽና ሲጎድል ነው የሚላላው። የፊት የታችኛው አርም ቡሾችንም አሳዪ፣ ተሰንጥቀው ከሆነ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ መሪው ወደ ጎን ይስባል።