ሊንክህ ቀጥታ ክፈል የሚለው ገጽ ላይ ሰውን መጣሉ ልክ ነው? እንከራከር

የታቦር ልጅ፦ ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ትናንት ማታ ፒያሳ ከጓደኞቼ ጋ በጣም የተከራከርንበትን ነገር ላምጣው እናንተም ፍረዱ። አፊሊየት ለማያውቅ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ወይም ኮርስ በራስህ ሊንክ ታስተዋውቃለህ፣ ሰው በዛ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ኮሚሽን ይደርስሃል፣ ድለላ በለው። አሁን ግን ብዙ ልጆች ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉት ሊንክ ስለ ዕቃው የሚያስረዳው ገጽ ጋ አይወስድህም፣ ዘሎ ቼክአውት ላይ ነው የሚያስገባህ፣ ስም ስልክ ሙላና ክፈል። እኔ ይሄ ልክ አይደለም ባይ ነኝ። ታናሽ እህቴ በዚህ መንገድ የኤክሴል ኮርስ 1,200 ብር ከፍላ ገዛች፣ ከከፈለች በኋላ ነው ኮምፒውተር ያስፈልጋል የሚለውን ያወቀችው፣ እሷ ያላት ስልክ ብቻ ነው። ለካ ማብራሪያው ገጽ ላይ ከላይ ተጽፏል፣ ግን ሊንኩ በዛ በኩል አላሳለፋትም! ሻጩ "ተጽፏል እኮ" ይላታል፣ ሊንኩን የላከው ልጅ ደግሞ "እኔ ሊንክ ነው የላኩት ኮርሱ የኔ አይደለም"። ታዲያ ማንን ትጠይቅ?

ሊንክ በቀጥታ፦ ወንድሜ ለእህትህ አዝናለሁ ከልቤ። ግን እኔ እዚሁ ሀዋሳ ሆኜ ይሄን ስራ ስሰራ 2 ዓመቴ ነው፣ ቤት ኪራይ የምከፍለው በሱ ነው፣ ስለዚ የኛንም ስማ። የሻጮቹ ገጽ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ ረጅም ነው፣ ቪዲዮ ምናምን ተጭኖበት በሞባይል ዳታ እስኪከፈት ሰው ይሰለቻል። እኔ ቻናሌ ላይ በአማርኛ በድምጽ 15 ደቂቃ አስረድቼ፣ ጥያቄ መልሼ፣ ሰውየው "በቃ እገዛለሁ ሊንኩን ላክልኝ" ሲለኝ እንደገና ወደ ማብራሪያ ለምን አዞረዋለሁ? ማብራሪያው እኔ ነኝ። በየደረጃው ደግሞ ሰው ይንጠባጠባል፣ አንድ ገጽ በጨመርክ ቁጥር ገዢ ይቀንሳል።

ኮድ ጻፊው፦ ከቴክኒኩ ልጀምር። ኮሚሽን የሚቆጠረው በሊንክህ ሲገባ ብራውዘሩ ላይ በሚቀመጥ ኩኪ (በማን ሊንክ እንደገባ የምትይዝ ትንሽ ፋይል) ወይም ሊንኩ ላይ በተጻፈ መለያህ ነው። ቼክአውት ገጹን ከብራውዘር ኮፒ አድርጎ የሚልክ ልጅ አይቻለሁ፣ መለያው የለበትም፣ ሸጦ ምንም አላገኘም። ቀጥታ መላክ ራሱ ግን አዲስ ነገር አይደለም። አፊሊየት ፕሮግራሙን በ1996 እ.ኤ.አ የጀመረው አማዞን ኩኪውን የሚያቆየው 24 ሰዓት ነው፣ ገዢው በዛ ውስጥ ዕቃውን ድረገጹ ላይ ባለው የግዢ ቅርጫት ውስጥ ካስገባው ግን እስከ 90 ቀን ይቆጠርልሃል፣ ስለዚ ሰውን ቶሎ ቅርጫት ጋ ማድረስ የሚፈልግ ሰው አይገርመኝም። ጥያቄው ሻጩ ፈቅዷል ወይ ነው፣ የሚከለክል አለ፣ የሚፈቅድ አለ፣ ውሉን አንብቡ።

ቡና ሻጯ፦ እኔ በሻጭ በኩል ልናገር። የሲዳማ ቡና አሽጌ በኦንላይን እሸጣለሁ፣ 4 ልጆች በኮሚሽን ያሻሽጡልኛል። አንዱ ቀጥታ መክፈያው ላይ መላክ ሲጀምር ሽያጭ ጨመረ፣ ደስ አለኝ፣ በሳምንቱ ግን ስልኬ አላርፍ አለ። "የተቆላ መስሎኝ ነው" "የተፈጨ አይደለም እንዴ" "ማድረሻ ሂሳብ አለው እንዴ"። ጥሬ መሆኑ ገጹ ላይ በትልቁ ነው የተጻፈው! ብር እየመለስኩ ከረምኩ፣ ኮሚሽኑ ግን ቀድሞ ተከፍሏል፣ ኪሳራው በኔ ላይ። አሁን ኮሚሽን የምከፍለው ከ14 ቀን በኋላ፣ ዕቃው ካልተመለሰ ብቻ ነው። ይሄን ካደረግኩ ወዲህ ልጁ ራሱ ማስረዳት ጀመረ።

ሊንክ በቀጥታ፦ እህቴ ይሄ ልክ ነው፣ እኔም በ14 ቀን እሰራለሁ ችግር የለብኝም። ግን አየሽ ችግሩ ሊንኩ አይደለም፣ ልጁ ሳያስረዳ መላኩ ነው።

የህግ ተማሪ፦ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብት ሲዘረዝር መጀመሪያ ያስቀመጠው ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘትን ነው። ከሱ ሌላ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተደራደረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም ይላል። እንግዲህ አስቡት፣ ህጉ የሚያስበው መጀመሪያ አይቶ ተደራድሮ ከዛ የሚወስን ሰው ነው፣ ቼክአውት ላይ የተጣለ ሰው ምኑን አይቶ ነው? በቂ መረጃ በድምጽም ሊሰጥ ይችላል እላለሁ፣ ግን ስትካሰሱ ድምጹ የት አለ? ቻናሉ ላይ ከጠፋ ወይ ከተሰረዘ ገዢው በምን ያስረዳል?

ጋሼ፦ ልጆቼ እኔ ኮምፒውተሩን አላውቅም ግን ግብይት አውቃለሁ። አሞራ ገደል ዓሣ ልገዛ ስሄድ መጀመሪያ አየዋለሁ፣ ጉንጩን ገልጬ መቅላቱን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ከዛ ነው ኪሴ የምገባው። ሳላይ ክፈል የሚለኝን ሰው ምን አስቸኮለህ እለዋለሁ።

ሊንክ በቀጥታ፦ ጋሼ በአክብሮት፣ እርስዎ ለብዙ ዓመት የሚያውቁት ዓሣ ሻጭ "ዛሬ ጥሩ ቆሮሶ አለ" ቢልዎት ሳያዩ አያስጠቀልሉም? የኔ ተከታዮችም እንደዛ ነው የሚያምኑኝ።

ጋሼ፦ አስጠቀልላለሁ ልጄ፣ እውነትህን ነው። ግን ዓሣው ቢበላሽ ነገ ጠዋት እዛው ቦታ አገኘዋለሁ፣ ፊቴን አይቶ ይለውጥልኛል። አንተን የት ነው የማገኝህ?

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ ፈልጌ ያጣሁትን ነው የተናገሩት። ኮድ ጻፊው፣ ውጭ አገር በካርድ የገዛ ሰው ከተጭበረበረ ባንኩን አስመልስልኝ ማለት ይችላል አይደል? እኛ ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ብር መላክ ቀሎናል፣ አንዴ ከላክን በኋላ ግን የተቀበለውን ሰው መለመን ነው የሚቀረን። ስለዚ እዚህ አገር ከመክፈል በፊት ያለችው ያቺ አንድ ገጽ ከውጭው የበለጠ ታስፈልገናለች። ሁለተኛ ጊዜ የሚገዛ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ደንበኛ ከሆነ እሺ ቀጥታ ላከው፣ ያለፈውን መከራከሪያዬን እዚህ ላይ አስተካክላለሁ። ለአዲስ ሰው ግን ቢያንስ ከሊንኩ በላይ ዋጋው፣ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ካልተስማማው ብር እንዴት እንደሚመለስ፣ አንተም ኮሚሽን እንደምታገኝ በጽሁፍ ይቀመጥ። እህቴ አንዲት መስመር ብታነብ 1,200 ብሯ አይሄድም ነበር።

ኮድ ጻፊው፦ በካርዱ አዎ፣ ባንኩ ጋ መከራከር ይቻላል። ኮሚሽን እንዳለህ መናገርን ደግሞ አሜሪካ ኤፍቲሲ የሚባለው መስሪያ ቤት በግልጽ ይጠይቃል፣ የታቦር ልጅ ከባድ ነገር አልጠየቀም።

ቡና ሻጯ፦ እኔ ከነገ ጀምሮ ለ4ቱም ልጆች ጽሁፉን ራሴ አዘጋጅቼ እሰጣለሁ፣ ጥሬ መሆኑን መጀመሪያ መስመር ላይ።

ሊንክ በቀጥታ፦ ዋጋውን፣ የሚያስፈልገውን፣ የሪፈንዱን እጽፋለሁ፣ ጋሼ ስላሉኝ ደግሞ ስልኬንም አስቀምጣለሁ። ኮሚሽኑን መጻፍ ላይ ግን ሰው ይሸሻል ብዬ እፈራለሁ፣ አንድ ወር ልሞክረው። ቼክአውት ላይ መላኬን ግን አላቆምም።